ስሕተትን የማይጠብቅ ፕሮግራም

እንደሚታወሰው መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረዋል። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልደረሰበትና ችግሩ ከራሱ የአሠራር ሥርዓት የመነጨ መሆኑን ገልጾ፣ ያለ አግባብ የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደሆነ አስታውቋል። ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ አሳሰቡ። ውይይቱ በሰው ታማኝነት ላይ ማተኮሩ ተገቢ ነበር። እኛ የሳይንስ መምህራንና ተማሪዎች ግን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ልናነሣ ይገባናል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያዝዘው ፕሮግራም አንዱ ሥራው ሲሰናከል ምን ማድረግ አለበት?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። 5,000 ብር ያለበት የጋራ ሒሳብ ካላቸው ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሐረር ፈረስ መጋላ፣ ሌላው ድሬዳዋ ሆነው በአንድ ቅጽበት 4,000 ብር ይጠይቁ እንበል። ኮምፒዩተሩ ጥያቄዎቹን ጎን ለጎን ሲያስተናግድ ሁለቱም ቀሪውን 5,000 ብለው ካነበቡ 8,000 ብር ይከፈላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራ እስኪያልቅ ሒሳቡ ይቆለፋል። ይሁን እንጂ የቆለፈው ሥራ መሐል ላይ ቢወድቅስ? መቆለፊያውን እንደያዘ ከቀረ ሌሎቹ ያለ ገደብ ይጠብቃሉ። ሳያጣራ ለቆ ከወጣ ደግሞ ገንዘቡ ከሒሳብ ተቀንሶ ለባለቤቱ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሥራው ወይ በሙሉ መፈጸም፣ ወይ እንዳልተጀመረ ሆኖ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት።

ሌላም ችግር አለ። የአንዱን ሥራ መውደቅ ሌሎቹ ካልተነገራቸው አያውቁትም። ከጁገል ጥንታዊ በሮች፣ ከሸዋ በር፣ ከቡዳ በር፣ ከሰንጋ በር፣ ከኤረር በርና ከፈላና በር የሚነሡት መንገዶች ወደ ፈረስ መጋላ ያመራሉ። አደባባዩ ቢዘጋና ወሬው በየበሩ ባይደርስ፣ ሳያውቅ የሚገባው ሰው መጨናነቁን ያባብሰዋል።

ዝምታ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቴራክ-25 የተባለው የጨረር ሕክምና መሣሪያ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሕሙማን ከልክ ያለፈ ጨረር ደርሶባቸዋል፤ ከእነርሱም የሞቱ አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ፣ ባለሙያው ያስገባውን ትእዛዝ ፈጥኖ ሲያርም ጎን ለጎን የሚሠሩት የፕሮግራሙ ክፍሎች አለመናበባቸው ነበር። መሣሪያው ያሳየው «ብልሽት 54» የሚል ጽሑፍ ብቻ ሲሆን፣ አንድ ፊደል በመጫን ብቻ ሥራው እንዲቀጥል ይፈቅድ ነበር።

«በጥርጣሬ ሁሉ የሚቆም ፕሮግራም ገበያተኛውን ያጉላላል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ አይመስለንም። የተጠራጠረው ሥራ ብቻ ቢቆም፣ ደንበኛው ምክንያቱ ቢነገረውና ሒሳቡን ማየት ግን ባይከለከል ጉዳቱ ጥቂት ነው። በመጋቢቱ ችግር ግን በዚያው ቅዳሜ የባንኩ አገልግሎት በመላ አገሪቱ ለሰዓታት ተቋርጧል። አንዱን ሥራ በጊዜ ማቆም ሁሉን በኋላ ከማቆም ይሻላል።

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ የስሕተት መጠኑ ያልተገለጸ ልኬት እንደ ተሟላ ውጤት አይቆጠርም። ስሕተት የልኬቱ አካል እንጂ ነውር አይደለም። በፕሮግራም ትምህርት ግን ብዙውን ጊዜ ማርክ የሚሰጠው ሁሉ በተቃና ጊዜ ለሚሠራ ሥራ ነው። በመሆኑም የመመረቂያ ሥራ በሚቀርብበት ዕለት መምህራን ሁለት ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ እንዲያዝዙት፣ መሐል ላይም የኔትወርክ መስመሩ እንዲቋረጥ ያድርጉ። ተማሪውም ፕሮግራሙ ምን እንዳቆመ፣ ምን እንደመለሰና ለማን እንዳሳወቀ ያስረዳ። መብራትና ኔትወርክ ደጋግመው በሚጠፉበት አገር ይህ ፈተና ተጨማሪ ሳይሆን ዋናው ፈተና ሊሆን ይገባል እንላለን።