መግቢያ ሰዓቱ ለማን ነው?

ስለ ጥብቅ የካቶሊክ አዳሪ ኮሌጆች፣ የሚያመሰግናቸውም የሚያማቸውም እኩል የሚስማማበት አንድ አስተያየት አለ፦ ደንቡ የልጅ መጠበቂያ ነው የሚል። ዋሺንግተንና አካባቢዋ ያሉ ወላጆቻችን ልጃቸው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲደርስ ስለ እነዚህ ኮሌጆች ይሰሙና «እነሱ እንኳ ልጅ ይጠብቃሉ፤ ማታ በር ይዘጋሉ» ብለው ልባቸው ያርፋል። ልጆቹም ያንኑ ወሬ ሰምተው «ታዲያ እስር ቤት ነዋ!» ይላሉ። አባት ያረፈበትና ልጅ የሸሸው ነገር አንድ ነው። ሁለቱም ኮሌጁን የሚያዩት በዘበኛነቱ ነው፤ ጠባቸው ዘበኛው ያስፈልጋል አያስፈልግም በሚለው ላይ ብቻ ነው።

እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል እላለሁ። የእነዚህ ኮሌጆች ደንብ፣ ከነመግቢያ ሰዓቱ፣ ከነአለባበሱ፣ ከነዶርሙ በር፣ የትምህርቱ አካል ነው። ልጁን ከኃጢአት ለመጋረድ የታሰበ ቢሆን ኖሮ የሚጻፈው በሌላ መልክ ነበር። ሰው ግን ደንቡን ከማንበብ ይልቅ ስለ ደንቡ ማውራት ይቀለዋል።

ቶማስ አኩዊናስ ኮሌጅን እንውሰድ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳንታ ፓውላ በምትባል ከተማ አቅራቢያ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው። ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ2019 ማሳቹሴትስ ግዛት ኖርዝፊልድ ላይ ሁለተኛ ግቢ ከፍቷል። ደንቡ ለሰሚ ይከብዳል። ያላገባ ተማሪ ግቢ ውስጥ ያድራል። ወንዶች ዶርም ሴት፣ ሴቶች ዶርም ወንድ አይገባም። ማታ መግቢያ ሰዓት አለ። ዶርም ውስጥ መጠጥ ክልክል ነው፤ አደንዛዥ ዕፅ ያስባርራል። ክፍልና ጸሎት ቤት ሲገባ ወንዱ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ፣ ሴቷ ቀሚስ ይለብሳሉ። ይህን ሰምቶ «ገዳም ነው» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም።

ነገር ግን እዚያው ግቢ ውስጥ የማይገደድ አንድ ነገር አለ፦ ቅዳሴ። በየቀኑ ይቀደሳል፤ ሰዓቱም ከክፍል ጋር እንዳይጋጭ ተደርጎ ተመድቧል። መሄድ አለመሄዱ ግን የተማሪው ፈንታ ነው። ካቶሊክ ያልሆነም ገብቶ ይማራል። እንግዲህ ዓላማው ልጅን በግድ ጻድቅ ማድረግ ቢሆን፣ ቀድሞ መገደድ የነበረበት የቱ ነው? ለሸሚዝ ኮሌታ ደንብ ያወጣ ኮሌጅ ለቅዳሴ ደንብ ያላወጣው ዘንግቶት ነው? «ይጠብቁልኛል» የሚለው አባትም «ያፍኑኛል» የምትለው ልጅም እዚህ ላይ መልስ የላቸውም።

መልሱ ያለው ክፍል ውስጥ ነው። በዚህ ኮሌጅ የመማሪያ መጽሐፍ የለም፤ ዲፓርትመንት መምረጥም የለም። ሁሉም ተማሪ አራቱን ዓመት አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራል፤ የሚያነበውም ባለቤቶቹን ራሳቸውን ነው፦ ጂኦሜትሪን ከዩክሊድ፣ ሥነ ፈለክን ከቶለሚና ከኮፐርኒከስ፣ ፊዚክስን ከኒውተን፣ ፍልስፍናን ከአርስቶትል። መምህሩ ቆሞ ሌክቸር አይሰጥም። ሃያ የማይሞሉ ተማሪዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ ጥያቄ ይነሣል፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ የሚቆመውም የሚወድቀውም በእነሱ ነው።

የአንደኛ ዓመት የሂሳብ ክፍሉን ጠጋ ብለን እንየው። የዕለቱ ሥራ የዩክሊድ አንደኛ መጽሐፍ 47ኛ ቲዎረም ነው እንበል፤ እኛ በፓይታጎረስ ስም የምናውቀው። አንዲት ተማሪ ተነሥታ ሰሌዳው ጋ ትሄዳለች። ሦስት ማዕዘኑን ትሥላለች፤ በሦስቱም ጎኖች ላይ ካሬ ትሠራለች፤ ከዘጠና ዲግሪው ማዕዘን ተነሥታ ትልቁን ካሬ ለሁለት የሚከፍል መስመር ታወርዳለች። ከእንግዲህ እያንዳንዱ ክፋይ ከትንንሾቹ ካሬዎች አንዱን እንደሚያክል ማሳየት አለባት። ለዚያ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸውን ትናገርና ልታልፍ ስትል አንዱ ያስቆማታል። «ወይዘሪት፣ ይቅርታ፤ በምን እኩል ሆኑ?» «በአራተኛው ቲዎረም፤ ሁለት ጎንና በመካከላቸው ያለው ማዕዘን እኩል ስለሆነ።» «ጎኖቹን አሳይተውናል፤ ማዕዘኑን ግን ገና አላሳዩንም።» ልጅቷ ወደ ሥዕሉ ዞር ትላለች። ዝም። ከዚያ ታየዋለች፦ ሁለቱም ማዕዘኖች ዘጠና ዲግሪ ላይ ያው አንድ የጋራ ማዕዘን የተደመረባቸው ናቸው። ይህን ተናግራ ትቀጥላለች።

እነዚህ ልጆች አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው። ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ከክፍል ሲወጡ በስማቸው ይጠራራሉ። ክፍል ውስጥ ግን ደንቡ አቶና ወይዘሪት ብለው በቤተሰብ ስም እንዲጠራሩ ያስገድዳል። ይህን «ያረጀ ወግ» ብሎ የሚስቅ ሰው አሁን ያየነውን አላየም። ልጁ ልጅቷን በሰው ፊት አስቁሟታል፤ ያለችው ነገር ጎዶሎ መሆኑን ነግሯታል። ጓደኛዋ ሆኖ ቢናገር ኖሮ ወይ ይራራላትና ዝም ይል ነበር፣ ወይ ቃሉ ወደ ጠብ ይሄድ ነበር። አክብሮቱ የተናጋሪውን አፍ ፈታው፤ የሰሚዋንም ፊት ጠበቀ። የእኛ አባቶች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል። በላ ልበልሃ ብለው ሲሟገቱ ቃላቸው እንደዚያ የሚመረው፣ አቋቋሙና አነጋገሩ በሥርዓት የታሰረ ስለነበር ነው። ሥርዓቱ ሲላላ ሙግቱ አይጠነክርም፤ ወይ ጭቅጭቅ ይሆናል ወይ ይሞታል።

አለባበሱም በዚሁ ይፈታል። ተማሪው ከአልጋው በተነሣበት ልብስ እንዳይገባ የተደረገው ሰውነቱ እንዳይታይ ብቻ ቢሆን ለወንዱ ኮሌታ ምን ያደርግለታል? ልብሱ «ይህ ሰዓት ሌላ ሰዓት ነው» ይለዋል።

አሁን ወደ ማታው እንመለስ። ሦስት መቶ ሰው በሚቀመጥበት የሌክቸር አዳራሽ ሲጠጣ አድሮ ያንቀላፋ ተማሪ የሚጎዳው ራሱን ነው፤ ፕሮፌሰሩ ይቀጥላል፣ ስላይዱም በኢሜይል ይመጣል። እንደዚያ ባለ ቦታ ተማሪው ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈ ኮሌጁን አያገባውም ቢባል ያስኬዳል። ጠረጴዛው ላይ ግን ሌክቸር የሚሰጥ ስለሌለ ሳያነብ የመጣ ተማሪ የሚወስደው የሌሎቹን ትምህርት ነው። ማዕዘኑን የሚጠይቀው ልጅ ያን ዕለት አንቀላፍቶ ቢሆን ኖሮ ክፍሉ በሙሉ ያልተረጋገጠ ነገር ተቀብሎ ይወጣ ነበር። መግቢያ ሰዓቱ የተሠራው ለዚህ ነው። ማታ የሚዘጋው በር ጠዋት ለሚከፈተው ክፍል ነው የሚዘጋው።

የዶርሙ በር ደግሞ ብዙ የተወራበት ነው። የወንድና የሴት ነገር ብቻ ተደርጎ ይታያል። አንድ ክፍል ውስጥ ግን ሁለት ሰው ያድራል፤ ሁለተኛውን ማንም አያስታውሰውም። በር ክፍት በሆነበት ኮሌጅ ፍቅረኛ ሲመጣ መጽሐፉን ታቅፎ ኮሪደር ላይ የሚቀመጠው እሱ ነው። የፍቅረኛሞቹ ነጻነት የሚከፈለው ከእሱ እንቅልፍና ከእሱ ጥናት ነው። ወንድና ሴት መገናኘታቸውንማ ኮሌጁ አልከለከለም፤ አብረው ይማራሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ የዳንስ ምሽትም አላቸው። የተከለከለው የሁለተኛውን ሰው አልጋ መቀማት ነው። በዚያ ላይ የኮሌጅ እርዳታ የሚያገኙ ተማሪዎች በሳምንት 13 ሰዓት ወጥ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ለእነዚህ የተረፈችው የጥናት ማታ ውድ ናት።

ዋዮሚንግ ግዛት ላንደር ከተማ ያለው ዋዮሚንግ ካቶሊክ ኮሌጅ ከዚህም ይርቃል። የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው በ2007፣ አይፎን ገበያ በወጣበት ዓመት ነው። ተማሪው ሲገባ ሞባይሉን ያስረክባል። አዲስ ገቢዎች ትምህርት ሳይጀምሩ 21 ቀን ሻንጣቸውን አዝለው ተራራ ላይ ይከርማሉ። ወላጅ ይህን ሲሰማ «ከመጥፎ ቪዲዮ አዳኑልኝ» ይላል። ትርፉ ግን ሌላ ነው። ስልክ የሌለው ተማሪ እራት ላይ ሲሰለቸው ማምለጫ የለውም፤ አጠገቡ ያለውን ሰው ከማናገር በቀር። ጠረጴዛው ከክፍል ወጥቶ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ይከተለዋል ማለት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ይህን ደንብ ክፉኛ የጎዱት ጠበቆቹ ራሳቸው መሆናቸው ነው። በ2011 ዋሺንግተን የሚገኘው የአሜሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የወንዶችና የሴቶች ዶርም ወደ መለየት ሲመለስ፣ ፕሬዚዳንቱ ጆን ጋርቪ ያቀረቡት ምክንያት ድብልቅ ዶርም ከመጠን ያለፈ መጠጥንና ልቅ ግንኙነትን ያባብሳል የሚል ነበር። ጆን ባንዛፍ የተባሉ የሕግ ፕሮፌሰር ውሳኔው የጾታ አድልዎ ነው ብለው ለከተማዋ የሰብአዊ መብት ቢሮ ከሰሱ፤ ክሱ ውድቅ ሆነ። ጋርቪ ክሱን ቢያሸንፉም ክርክሩን አሳልፈው ሰጥተዋል። ደንብ በጠርሙስ ቁጥር ከተለካ፣ ድብልቅ ዶርም ውስጥ የሚጠጣው ያነሰ ዕለት ምክንያቱ ያበቃለታል። ዘበኛን በሌባ ቁጥር ነው የሚመዝኑት፤ ትምህርትን ግን እንደዚያ አይመዝኑትም።

«አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው አዋቂ ነው» የሚል መቃወሚያ መምጣቱ አይቀርም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 26ኛ ማሻሻያ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 18 ያወረደው በ1971 ነው፤ ቶማስ አኩዊናስ ኮሌጅ ከነመግቢያ ሰዓቱ የተከፈተበት ያው ዓመት። ተቃርኖ ይመስላል፤ አይደለም። አዋቂ ማለት በፈቃዱ ሥርዓት ውስጥ መግባት የሚችል ሰው ነው። ወታደርም መነኩሴም አዋቂ ናቸው። እነዚህ ኮሌጆች ማንንም አፍሰው አላመጡም፤ የገባው ሁሉ አመልክቶ ነው የገባው።

«ይህ ዓይነቱ ሥልጣን መጨቆኛ ሆኗል» የሚሉም አሉ። ሆኗል። አላባማ ስቴት ኮሌጅ በ1960 የዘር መድልዎን ተቃውመው ፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ባለ ምግብ ቤት የተቀመጡ ጥቁር ተማሪዎችን ሳይሰማ አባረረ፤ በ1961 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያለ ማስታወቂያና ያለ መሰማት ማባረር አይቻልም ብሎ ፈረደ። ፍርዱ ትክክል ነው። የፈረደው ግን በመንግሥት ኮሌጅ ላይ፣ ተማሪ ሳይሰማ ስለ መባረሩ ነው፤ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ስለ መልበስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ተቋማት በደልን ደብቀዋል የሚለውም እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከሳሽ ከተቋሙ ውጭ የሚሄድበት ዳኛ ነው እንጂ የዶርሙን በር መክፈት አይደለም።

ደንብ ልጅን አንገት ደፊ ያደርጋል ለሚለው መልሱ ከእኛው ቤት አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አደራውን የሰጡት ለካናዳ ካቶሊክ ካህናት፣ ለኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው፣ የክህነት ልብሳቸውን አውልቀው ያስተምሩ ነበር። ኮሌጁ የመንግሥት ቢሆንም ዲሲፕሊኑ የእነሱ ነበር፤ ጥብቅም ነበር። ታዲያ ምን ዓይነት ተማሪ ወጣው? በታኅሣሥ 1960 የጄኔራል መንግሥቱ ነዋይን መፈንቅለ መንግሥት ደግፎ አደባባይ የወጣው ነው። በ1961 የኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ድኻው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ያነበበው ከዚያው ግቢ ነው። በደንብ ያደገ ትውልድ ኮሌጁን ያቆሙለትን ንጉሥ ሞገተ፤ ምክንያቱም የተሰጠው ደንብ ብቻ ሳይሆን መሟገቻም ነበር።

ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በራቸው አለ። ፕሮክተር አለ፤ ፍተሻ አለ፤ የሴቶች ዶርም ጥበቃ አለው። ክፍል ስንገባ ግን መቶ ተማሪ ሃንድአውት ይጠብቃል፤ ማንም ማንንም «ማዕዘኑን ገና አላሳዩንም» አይለውም። ስለዚህም ተማሪው ደንቡን ይንቃል፤ አይሳሳትምም። ጠረጴዛ የሌለው ደንብ ዘበኝነት ነው፤ ደንብ የሌለው ጠረጴዛ ደግሞ ቡና ቤት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያልያዘ ተቋም፣ ሕንፃው የቱንም ያህል ቢረዝም፣ ዲግሪ የሚሰጥ ሆቴል እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም።