የመንዝ ጨለማ ዋጋ አለው

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው «ዳቦ ሳይኖር ሳተላይት?» አለ። እኛ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለን፦ ከሰማዩ ሥራ የትኛው ድርሻ ነው በአቅማችን ልክ የሆነው?

ወደ መንዝ እንውጣ። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ይበልጣል። እዚያ ባና የተከናነበ እረኛ የሚያየውን ኮከብ አራት ኪሎ ቆሞ የሚያይ የለም። ሆኖም አንዳንዱ የሰማይ ወሬ የቱንም ያህል ከፍ ያለ ተራራ ላይ አይደርስም። ኮከብ ሲፈነዳ ወይም ጥቁር ጉድጓድ የቀረበውን ኮከብ ሲቦጫጭቅ የሚረጨው ኤክስሬይ፣ ያው ሆስፒታል «ራጅ» የምንነሳበት ጨረር፣ በአየሩ ተውጦ ይቀራል። ስለዚህ መሣሪያው ሕዋ ላይ መውጣት አለበት። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት «ኡሁሩ» እ.ኤ.አ. በ1970 የመጠቀችው ከጎረቤታችን ከኬንያ ጠረፍ ነበር።

ችግሩ ብልጭታው የት እንደሚበራ አለመታወቁ ነው፤ በደቂቃዎች ሊጠፋም ይችላል። ኤክስሬይ ደግሞ መስተዋትን ፊት ለፊት ከመታው አይመለስም፤ ታክኮ ሲያልፍ ብቻ ይንጸባረቃል። የተለመዱት የኤክስሬይ ቴሌስኮፖች ጥርት አድርገው ቢያዩም እይታቸው በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። መላው ከባሕር ተገኘ። ሎብስተር የተባለው ባለ ቅርፊት እንስሳ ዓይኑ የጥቃቅን አራት ማዕዘን ቱቦዎች ስብስብ ነው፤ ብርሃን የቱቦዎቹን ግድግዳ ታክኮ ይሰበሰባል። ቻይና እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ያመጠቀችው «አንስታይን ፕሮብ» እንዲህ ያሉ 12 ዓይኖች አሉት፤ የሰማዩን አንድ አሥራ አንደኛ ግድም በአንዴ ያያል።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? ሰፊ ዓይን «እዚያ ጋ አንድ ነገር በራ» ይላል እንጂ ምንነቱን ብቻውን አይፈታም። መልእክት ይበትናል፤ የምድር ቴሌስኮፖች ዞረው የቀረውን ብርሃን ይለካሉ። በዚያች ሰዓት አንዱ አገር ቀን ነው፣ ሌላው ደመና። ስለዚህ በየኬንትሮሱ ጨለማ ተራራ ይፈለጋል። እንጦጦ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ የአዲስ አበባ መብራት ግን ከእግሩ ሥር ነው።

እንግዲህ የኤክስሬይ ሳተላይት እንሥራ አንልም፤ አቅሙ የለንም። ሰላም ሲሰፍን መንዝ ላይ ቶሎ የሚዞር አነስተኛ ቴሌስኮፕ ይተከል፣ መልእክቱን የሚቀበሉ ልጆችም ከመሐል ሜዳ ይውጡ ማለት ግን ቅብጠት አይመስለንም። ክረምቱ የደመና ነው፤ በጋው ይበቃናል።

ዳቦ ጠያቂው ወገናችን ልክ ነው፤ ስለዚህም ነው ትንሹን የመረጥነው። ጨለማው ዛሬ በነፃ አለ። መብራት ለመንዝ ይግባ፤ አምፖሉ ግን ወደ መሬት ያብራ።