መምሰልና መሆን፦ ሶፊ ስፒትዝ እና 13ቱ ሕፃናት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አበው። ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምንጠቅሰው ስለ ሐሜትና ስለ ሙግት ስናወራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን አባባሉ ለአንድ የሳይንስ ሰው የሥራ መመሪያ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት እንሞክራለን። ባለታሪካችን የፊዚክስ ሰው ሳትሆን ፓቶሎጂስት ናት። እኛ የፊዚክስ መምህራን ሆነን ሳለ ስለ እርሷ ለመጻፍ የተነሣነው፣ በቤተ ሙከራችን በየዓመቱ ለምናየው አንድ ችግር መፍትሔውን በእርሷ ሥራ ውስጥ ስላገኘነው ነው።

በመጀመሪያ ፓቶሎጂስት ምን እንደሚሠራ እናስታውስ። ከታማሚው ቆዳ ላይ ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። ቁራጩ በሰም ውስጥ ከጠነከረ በኋላ ከፀጉር እጅግ በሚቀጥን ስስ ሽፋን ይከተፋል፤ ቀለም ይቀባና በመስተዋት ላይ ሆኖ በማይክሮስኮፕ ሥር ይቀመጣል። ፓቶሎጂስቱ የሕዋሳቱን መጠን፣ ቅርጽና አቀማመጥ አይቶ «ካንሰር ነው» ወይም «አይደለም» ይላል። ቀዶ ሐኪሙ ቢላውን የሚያነሣው ይህን ቃል ይዞ ነው። ታማሚው ግን ቃሉን የሰጠውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዓይኑ እንኳ አያየውም።

ሶፊ ስፒትዝ እ.ኤ.አ. በ1910 በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት በናሽቪል ከተማ ተወለደች። በ1932 ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የፓቶሎጂ ተቋም ውስጥ ሠርታለች፤ ከጄምስ አሽ ጋር ያዘጋጀችው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች የፓቶሎጂ አትላስም በ1945 ታትሟል። ስሟን በቋሚነት ያስጠራው ግን በኒውዮርክ ከተማ በካንሰር ላይ ያካሄደችው ጥናት ነው።

ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር የሚነሣው ለቆዳችን ቀለም ከሚሰጡት ሕዋሳት ነው። በጊዜ ካልተደረሰበት ወደ ሊምፍ ዕጢዎች፣ ወደ ሳንባና ወደ አንጎል ይሠራጫል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሕዋሳቱ ከተለመደው በላይ የገዘፉ፣ ቅርጻቸው የተዛባና በመከፋፈል ላይ ያሉ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ታዲያ አንዳንድ ጊዜ «ማርያም የሳመችው» ከምንለው ምልክት ብዙም የማይለይ እብጠት ከአንድ ሕፃን ቆዳ ላይ ተነሥቶ ሲመረመር ይኸው አስፈሪ ምስል ይገኝ ነበር። በዚያ ዘመን የሜላኖማ ሕክምና ሰፊ ቀዶ ጥገና ነበር፤ አንዳንዴም እጅን ወይም እግርን እስከመቁረጥ ይደርስ ነበር። እንግዲህ በመስተዋቱ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ አንባቢ ይገምት።

ስፒትዝ በ1948 በአሜሪካ የፓቶሎጂ መጽሔት ላይ ስለ ሕፃናት ሜላኖማ አንድ ጥናት አሳተመች። ጥናቱ የ13 ሕፃናትን ታሪክ ይዟል። በመስተዋቱ ላይ የሚታየው ምስል ከአዋቂዎቹ ሜላኖማ ጋር እጅግ የሚመሳሰል ነበር። ከ13ቱ መካከል ግን በበሽታው የሞተው አንድ ሕፃን ብቻ ሲሆን፣ 12ቱ በሕይወት ነበሩ። እንዲህ ያለ ውጤት ሲያጋጥም የማምለጫ መንገድ አይጠፋም። «12ቱ ዕድለኞች ናቸው» ማለት ይቻላል፤ «ምርመራው ስሕተት ነበር» ብሎ መዝገቡን ዝም ብሎ ማረምም ይቻላል። ስፒትዝ ሁለቱንም አላደረገችም። ምስሉንና የሕፃናቱን ዕጣ ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ሁለቱ እንደማይስማሙ በይፋ ጻፈች።

ይህን ነገር በፊዚክስ ቋንቋ ብንገልጸው ይቀልላል። በመንገድ መካከል ያለች መኪና ፎቶግራፍ ቢሰጠን የት እንዳለች እናውቃለን፤ ቆማ ይሁን እየሄደች ግን ከዚያ አንድ ፎቶግራፍ ልናውቅ አንችልም። ፍጥነቷን ለማወቅ ከታወቀ ጊዜ በኋላ የተነሣ ሁለተኛ ፎቶግራፍ ያስፈልገናል። በማይክሮስኮፕ ሥር ያለው ቁራጭም እንዲሁ ነው፤ በአንዲት ቅጽበት የተገቱ ሕዋሳት ምስል ነው። ካንሰር ግን መልክ ብቻ ሳይሆን በጊዜ ውስጥ የሚገለጥ ጠባይ ነው፤ ያድጋል፣ ይወርራል፣ ይሠራጫል። ለስፒትዝ ሁለተኛው ፎቶግራፍ የሕፃናቱ ቀጣይ ሕይወት ነበር።

ይሁን እንጂ ታሪኩን ከልክ በላይ አናሳምረው። አሥራ ሦስተኛው ሕፃን ሞቷል። ስፒትዝ በ1956 ካረፈች በኋላ እብጠቱ በስሟ «ስፒትዝ ኔቨስ» ተባለ፤ በአብዛኛውም ጉዳት የማያደርስ መሆኑ ታወቀ። ነገር ግን እርሱን መስለው የሚገድሉ እውነተኛ ሜላኖማዎችም አሉ፤ በሁለቱ መካከል ያሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ አንድ ጥናት 10 የዘርፉ ባለሙያዎች በዚህ ወገን ያሉ 17 ናሙናዎችን ለየብቻ መረመሩ። ስድስትና ከዚያ በላይ የሆኑት ባለሙያዎች በአንድ ፍርድ የተስማሙት በአንዱ ናሙና ላይ ብቻ ነበር። በ2014 ደግሞ ከእነዚህ እብጠቶች በብዙዎቹ ውስጥ ጂኖች ያለቦታቸው ተጣምረው እንደሚገኙ ታወቀ፤ ይህም ለምርመራው ተጨማሪ መሣሪያ ሰጠ። ጥያቄው ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

መመሳሰሉ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። በ2005 60ኛ የልደት በዓሉ በመስቀል አደባባይ የተከበረለትን ቦብ ማርሌይን ሁላችንም እናውቀዋለን። በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የነበረው ቁስል የእግር ኳስ ጉዳት መስሎ ቆየ፤ በ1977 ሲመረመር ግን ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። ማርሌይ በ1981 በ36 ዓመቱ ዐረፈ። ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ሜላኖማ በብዛት የሚታየው ፀሐይ በማያገኛቸው ቦታዎች፣ በተለይም በውስጥ እግር ላይ ነው፤ በጥፍር ሥርም ይወጣል። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ያለ ጥቁር ምልክት እየሰፋ ወይም መልኩን እየለወጠ ከሄደ «ግጭት ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ለሐኪም ማሳየት ያሻል።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራችን እንመለስ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በፔንዱለም የመሬትን የስበት ፍጥንጥነት ይለካሉ። ከዓመታት በፊት አንድ ተማሪ ለክቶ 9.77 ሜትር በሰከንድ ካሬ አገኘ። ቁጥሩን በላጲስ አጠፋና መጽሐፉ ላይ ያለውን 9.81 ጻፈ። ያ 9.81 ግን ከምድር ወገብ ርቀው ለሚገኙ አገሮች የሚስማማ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበች፣ ከባሕር ወለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ የስበት ፍጥንጥነቷ ከ9.78 ትንሽ ያነሰ ነው። ተማሪው ከእውነቱ አጠገብ ደርሶ ሳለ እውነቱን በገዛ እጁ አጠፋ።

ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ ማላከክ ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ከመጽሐፉ ጋር ለተስማማ ቁጥር ሙሉ ነጥብ ስንሰጥ የኖርነው እኛ መምህራን ነን። አንድ ወጣት በ18 ዓመቱ ያልጠበቀውን ቁጥር ማጥፋት ከለመደ፣ ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም ተመራማሪ ሲሆን ይህን ልማድ የት ይጥለዋል? ያን ጊዜ የሚጠፋው የፔንዱለም ልኬት ሳይሆን የሰው ዕጣ ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገሮችን እናቀርባለን። አንደኛ፣ በቤተ ሙከራ የተገኘ ቁጥር ሁሉ በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ ስሕተት ቢሆን እንኳ እንዲነበብ ሆኖ ይሰረዝ እንጂ አይጥፋ። ነጥቡም ለመጽሐፉ ለቀረበ ሳይሆን ልዩነቱን በሚገባ ለመረመረ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ተማሪው የሚጠብቀውን ውጤት ከሙከራው በፊት ይጻፍ፤ ከሙከራው በኋላም የሆነውን ከጎኑ ያስፍር። ይህ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተር ይበቃዋል።

ስፒትዝ የ12ቱን ሕፃናት መትረፍ ከመዝገቧ ብታጠፋው ኖሮ ከእርሷ በኋላ የመጡ ስንት ሕፃናት ያለ አግባብ በቢላ ሥር ያልፉ ነበር? የአሥራ ሦስተኛውን ሞት ብታጠፋው ደግሞ ስንቶች በከንቱ ተጽናንተው ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር? ሁለቱንም ጻፈች። እውነት በርግጥ እያደር ይጠራል፤ የሚጠራው ግን ትናንት ምን እንዳልን ሳናጠፋ ጽፈን ስናቆየው ነው።