«ቡና ስላልጠጣሽ ነው»

ከቡና ጋር በዚህ ዓምድ ስጣላ የመጀመሪያዬ አይደለም። ባለፈው የተቀየሙኝ አንባቢዎች ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «የአቦል ጠላት» ይሉኛል። ሐሰት ነው፤ በቀን ሦስቴ እጠጣለሁ። ጠቤ ቡናውን ሐኪም አድርገው ከሾሙት ጋር ነው።

እሁድ የእህቴን ልጅ ልንጠይቃት ሄድን። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ጠያቂዎቹ እኛ ሰባት ሆነን ተደርድረናል፤ ከሰል የምታራግበው እሷ ናት። በርጩማዋ ላይ ሆዷን ታቅፋ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስነባው ትቆላለች። አቦሉን ቀድታ ስትጨርስ «ከትናንት ጀምሮ ራሴን እየፈለጠኝ ነው» አለች።

«ቡና ስላልጠጣሽ ነው» አሉ አንዲት ጎረቤት። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ስኒ ተሰጣት።

ከእርግዝናው አጋማሽ ወዲህ የሚመጣ ብርቱ ራስ ምታት፣ በተለይ ዓይን ብዥ እያለ ፊትና እጅ ካበጠ፣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ግፊቱ ከበረታ ያንቀጠቅጣል፤ እናትንም ልጅንም ይወስዳል። መሆን አለመሆኑን የሚለየው መለኪያው እንጂ ስኒው አይደለም። ይህን ስል ጎረቤቷ «እኔ ስምንት ስወልድ መለኪያ የሚባል አላየሁም» አሉኝ። ከስምንቱ አምስቱን ብቻ ማሳደጋቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ማንም አላነሳውም፤ እኔም አፌን ያዝኩ።

የስኳሩን ቆርቆሮ ሳነሳ ደግሞ ከጀርባው የአይረን ኪኒኗ ብቅ አለ፤ አንድም አልተነካ።

«ያቅለሸልሸኛል አክስቴ፣ ሰገራም ያጠቁራል። ደግሞ ልጁን ያገዝፈውና ምጥ ይከብዳል ይላሉ።»

ማጥቆሩ እውነት ነው፤ አያስፈራም። ማቅለሽለሹም ከራት በኋላ ወደ መኝታ ሲሉ ቢውጡት ይቀላል። ኪኒኑ የሚሠራው ደም ነው፤ ልጅ ያገዝፋል ያላት ማን እንደሆነ ስጠይቅ ሁሉም ወደ ስኒው አቀረቀረ። ይባስ ብሎ ቡናና ሻይ ከምግብ ላይ ሲደረቡ፣ ሰውነት ከምግቡም ከኪኒኑም የሚወስደውን ብረት ይቀንሱበታል። አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ ይበቃ ነበር። ግን እጃችንን ሳንታጠብ «ቡና የለም ወይ?» የምንል ሰዎች ይህን ትዕግሥት ከየት እናምጣ?

በረካው ሳይደርስ ኮንትራት ታክሲ ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ተረኛዋ ነርስ ግፊቷን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ሽንቷንም አስመረመረች። ደህና ናት። ጎረቤቷ በስልክ «አላልኩሽም?» ሲሉኝ ደስታዬና ንዴቴ ተደባለቁብኝ።

ወረፋ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል አየሁት። ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ጊዜ፣ የምታጠባ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ትመገብ ይላል። የተሳለችው ሴት ብቻዋን ከሞላ ትሪ ፊት ተቀምጣ ፈገግ ብላለች። ምግቡን ማን ሠራላት? ባል የለበትም፣ አማት የለችበትም፣ ሰባት ጠያቂም አልተሳለም። የእኛዋ ልጅ ግን ሥዕሉን እንድትታዘዝ ከፈለግን ተጨማሪውን ምግብ ራሷ ተነስታ ታበስላለች፣ ዕቃውንም ራሷ ታጥባለች። እናም ራስሽን ተንከባከቢ ይሏታል! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንኳ፣ 1156/2011፣ ነፍሰ ጡር ለምርመራ ስትሄድ ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣታል። ከረከቦት ፈቃድ የሚሰጥ አዋጅ ግን እስካሁን አላየሁም።

ትናንት ደወልኩላት። ኪኒኑን ጀምራለች።

«ምሳ በላሽ?»

«ሰዎች መጥተው ነው አክስቴ፤ ሲሄዱ እበላለሁ» አለችኝ። ከኋላዋ ስኒ ሲንቃጨል ይሰማኛል።