የሚሞተው ባትሪው፣ የሚጣለው መብራቱ

ድሮ ብስክሌት መብራቷን በገዛ ጎማዋ ታበራ ነበር። ዲናሞው ጎማው ላይ ተጠግቶ እየጮኸ ይዞራል፣ እግር ትንሽ ይከብደዋል፣ 6 ቮልትና 3 ዋት ይመጣል። ሲቆሙ ይጠፋል፤ ጨለማ መስቀለኛ ላይ መኪና እስኪያልፍ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ቢሆንም ዲናሞ ሶኬት አያውቅም፣ መብራት ሄደ መጣ ብሎ አይጨነቅም፣ አምፖሉ ሲቃጠል የሚገዛው አምፖል ብቻ ነው። ዛሬ ቦታውን የወሰደችው በዩኤስቢ ቻርጅ የምትደረግ፣ መዳፍ ውስጥ የምትገባ መብራት ናት። በብርሃን ዲናሞ አጠገቧ አይደርስም። እንደ ባሕር ዳር ሜዳው ለሳይክል በተመቸ ከተማ የመሸበት ሰው እሷን ቢመርጥ አልፈርድበትም። እኔን የሚያናድደኝ አሟሟቷ ነው።

ብርሃን የሚሰጠው ኤልኢዲ ቶሎ የሚሞት ነገር አይደለም። 10,000 ሰዓት ብቻ ይሠራል ብንል እንኳን፣ በቀን አንድ ሰዓት ለሚያበራ ሰው ከ27 ዓመት በላይ ነው። ከጎኑ የተቀመጠው የሊቲየም ባትሪ ግን ከ300 እስከ 500 ጊዜ ተሟጦ ከተሞላ በኋላ የመያዝ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። ፋብሪካው ይህን አሳምሮ ያውቃል። አውቆም ባትሪውን ውስጥ በይዶ፣ ሽፋኑን በሙጫ አሽጎ ይሸጥልናል።

ባትሪውን ቀድመን የምንገድለው ደግሞ ራሳችን ነን። «መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ቻርጅ አድርገው፣ ከዚያ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰካው» የሚለው የሱቅ ምክር የመጣው ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን ነው። ሊቲየም ተቃራኒውን ይወዳል። ሞልቶ 4.2 ቮልት ሲደርስ ይጨናነቃል፣ በተለይ ሙቀት ሲጨመርበት፤ ስለዚህ ሞልቶ ፀሐይ ላይ መዋል አይስማማውም። ባዶ ሆኖ መክረም ግን ከሁሉ ይብሳል። ሳይክሉ ለጥቂት ወራት ሲቆም መብራቷም አልቃ መሳቢያ ውስጥ ትወረወራለች። ባትሪው ሳይነካ በራሱ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከ2.5 ቮልት በታች ከዘቀጠ መከላከያው ይዘጋውና ቻርጀር ላይ ቢሰኩት እንኳን አይነቃም። ውስጡ ያለው መዳብ መሟሟት ከጀመረም በግድ መሙላቱ አደጋ አለው። የምታስቀምጧት ከሆነ ግማሽ ድረስ ሞልታችሁ አስቀምጧት፣ በየሁለት ሦስት ወሩም አንዴ እዩዋት። (ሚኒሶታ ወይም ስዊድን ሆናችሁ ይህን ለምታነቡ፦ ከበረዶ ወደ ቤት የገባች መብራት የቤቱን ሙቀት ሳታገኝ አትሰካ። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳዋል።)

ሁለተኛው ገዳይ የቻርጅ ቀዳዳው ነው። ካርቶኑ ላይ «አይፒኤክስ 4» የሚል ቢያዩ ፍንጣቂ ትችላለች ማለት ነው፤ «አይፒኤክስ 7» ደግሞ አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ያቺ ትንሽ የጎማ ክዳን በደንብ ስትዘጋ ነው፤ ክዳኗ ደግሞ ከሁሉ ቀድማ የምትላላው ናት። በሐምሌ ዝናብ ተመትታ የመጣችን መብራት እዚያው እርጥብ እንዳለች ከሰኩ፣ ውኃና ኤሌክትሪክ ተባብረው የቀዳዳውን ጥርሶች በጥቂት ጊዜ ይበሏቸዋል። ጠርጎ፣ ክዳኗን ከፍቶ፣ እስክትደርቅ መታገሥ ነው።

አንዳንዷ መብራት ደግሞ ሳትሞት ትቀበራለች። ዩኤስቢ ሲ ቀዳዳ አላት፣ ከአዲሱ የስልክ ቻርጀር ጋር ሁለቱም ጫፉ ሲ በሆነ ገመድ ሲያገናኟት ግን ዝም። ሻጩ «ተበላሽታለች» ይላል፣ ትጣላለች። አልተበላሸችም። ፋብሪካው የሳንቲም ዋጋ ያላቸውን ሁለት 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ለመቆጠብ ብሎ ትቷቸዋል፤ ቻርጀሩ ደግሞ እነሱን ካላየ ኃይል አይለቅም። አንድ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ በሆነ ገመድ፣ በአሮጌ ቻርጀር ወይም በፓወር ባንክ ሞክሯት፤ ብዙ ጊዜ ትነሣለች። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ፓወር ባንኩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ኃይል ሲመለስ የሚመጣውን ድንገተኛ ግፊት ቀጥታ እሷ ላይ አያደርሰውም።

አውሮፓውያን የታሸገ ባትሪ ነገር መሯቸዋል። ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ገበያ በሚሸጡ ዕቃዎች ውስጥ ያሉ ትናንሽ ባትሪዎች ተጠቃሚው ራሱ አውጥቶ ሊቀይራቸው የሚችል መሆን አለባቸው፤ መለዋወጫ ባትሪውም የመጨረሻው ዕቃ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ አምስት ዓመት መገኘት አለበት። ውኃ ለሚነካቸው አንዳንድ ዕቃዎች ማምለጫ ቀዳዳ ተትቷል፤ መብራት ሠሪዎቹ በዚያች ለመሹለክ ቢሞክሩ አይገርመኝም።

እስከዚያው የእኔ ምርጫ ባትሪዋ የሚወጣ መብራት ናት፤ በተለይ 18650 የሚባለውን ክብ ባትሪ የምትወስደው። ወርዱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ነው፣ ሲደክም በሌላ ይተካል። እዚህም ውሸት አለ፦ 9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ሐሰተኛ ነው፣ ደህናው 3,500 ገደማ ነው የሚይዘው። የታሸገችውን የግድ መግዛት ካለባችሁ ገልብጣችሁ ጀርባዋን እዩ። ብሎን ካላት ስልክ ጠጋኝ ሊከፍታት ይችላል። ብሎን ከሌላት፣ የመብራት ሳይሆን የባትሪ ዋጋ ብቻ አስባችሁ ተከራከሩ።