አዲስ ዲስክ ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ይስማማል?

«ላፕቶፔ ሳታ 2 ነው። ሻጩ ‹ሳታ 3 ኤስኤስዲ አይሠራልህም፣ ሌላ ኮምፒዩተር ግዛ› አለኝ። ያጠራቀምኩት ለዲስኩ ብቻ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ማስረከቢያም ደርሷል። ልበደር ወይ?» ሲል አንድ ተማሪ ጽፎልኛል።

ወንድሜ፣ አይዞህ፤ እንዳትበደር! ሁለቱ ይስማማሉ። አብረው የሚሄዱት ግን በዘገምተኛው ፍጥነት ነው። ሳታ 1 በሰከንድ እስከ 150፣ ሳታ 2 እስከ 300፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሳታ 3 ደግሞ እስከ 600 ሜጋባይት ያሳልፋል። ስለዚህ 550 የሚያነበው ኤስኤስዲ ያንተ ላፕቶፕ ላይ ከ300 በታች ይወርድብሃል።

ታዲያ ይሄ ያስከፋል እንዴ? የሚሽከረከረው አሮጌ ዲስክህ እኮ 150 መድረስም ያቅተዋል! የተበታተነ ፋይል ሲፈልግማ ጭራሽ ይንቀራፈፋል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ልዩነቱን ላፕቶፑን ስትከፍተው ታየዋለህ።

አደራ፣ ስትገዛ «2.5 ኢንች ሳታ» የሚለውን እይ። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ቀጭን ካርድ እዚያ ቦታ አይገባም። ዲስኩን ከመቀየርህ በፊትም ጽሑፍህን ፍላሽ ላይ ገልብጥ። በል፣ መልካም ምረቃ!