ጃኬቱን አታውልቁ

ከጎባ ወደ ደሎ መና በሞተር የሚወርድ ሰው ውርጭና ሐሩርን በአንድ ቀን ይሻገራል። ማለዳ፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ፣ የቱሉ ዲምቱን ተራራ እያየ ሲነዳ ጣቱ ፍሬን መያዝ እስኪያቅተው ይደነዝዛል፤ የሐረና ጫካ አልቆ ቆላው ሲቀበለው ደግሞ ጃኬቱን አውልቆ ከኋላው ያስራል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። በነጌሌ አድርጎ እስከ ዶሎ አዶ ለሚዘልቅማ አደጋው የከፋ ነው። ነፋስ በራሱ የሚያቀዘቅዘን አየሩ ከቆዳችን ሙቀት በታች ሲሆን ነው፤ የቆዳችን ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ነውና አየሩ ከዚያ ካለፈ ፍጥነት ግለት ይጨምራል፣ ላቡንም ሳናውቀው ያደርቀዋል። ብዙዎች «አላላበኝም» ብለው ውሃ የማይጠጡት ለዚህ ነው። ከነቴራውን በውሃ ነክሮ፣ ጃኬቱን በላዩ ለብሶ ዚፑን ትንሽ መክፈት፣ እርጥብ ነጠላ አንገት ላይ መጠምጠም እጅግ ይረዳል። ውሃ ሳይጠማ ይጠጣል፤ ረጅም መንገድ ላይ ጨውም ያስፈልጋል። አብሮን የሚነዳው ንግግሩ ከተምታታ ጥላ ሥር አስተኝተን፣ ገላውን በውሃ እያቀዘቀዝን ወደ ሐኪም እናድርሰው። «ትንሽ ነው የቀረን» ብሎ መሪውን መልሶ ማስያዝ ግን ያስፈራኛል።